የስኳር ነጋዴው ያዘዘው ሥዕል፦ የቪክቶሪያ ዘመን ሠዓሊዎች ለማን ነበር የሚሥሉት?

የለንደኗ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ያየሁትን ለሰው ሳልናገር መተኛት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ለንደን ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሥራዬ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። እሑድ እሑድ ከልጄ ጋር ሙዚየም እንገባለን። ነጻ ነው፤ ብርድ ሲሆንም ይሞቃል። ዛሬ ቴት ብሪትን ገባን። አንድ ሥዕል ፊት ስደርስ እግሬ አልነሣም አለኝ።

የድሃ ጎጆ ነው። አልጋ ስለሌለ ሁለት ወንበር ገጥመው ሕፃን አስተኝተዋል። ጺማም ሐኪም አገጩን በእጁ ደግፎ ሕፃኑን ዝም ብሎ ያያል። እናትየዋ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። አባትየው እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ዐይኑን ግን ከሐኪሙ ላይ አልነቀለም። ፋኖሱ ገና አልጠፋም፤ በመስኮቱ በኩል ግን ንጋት እየገባ ነው።

ከታማሚ አጠገብ ቁጭ ብዬ ያነጋሁበት ሌሊት ብዙ ነው። ያንን ሰዓት አውቀዋለሁ። ሻዩ ቀዝቅዞ፣ የመብራቱና የንጋቱ ብርሃን የሚቀላቀልበትን ሰዓት። የሣለው ሉክ ፊልድስ ይባላል፤ ዓመቱ 1891 ነው።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። የቆዩት ሥዕሎች ያሉበት ክፍል ጌቶች፣ እመቤቶችና ፈረሶች ናቸው። ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ነገር የቤት ነገር ይሆናል። ልጅ፣ ደብዳቤ፣ ሕመም፣ ውሻ፣ የተባረረች ሴት። እነዚህን ማን ነበር የሚያዛቸው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ባለብሩሽ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

እህቴ፣ ሥዕል ሳስተምር ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎቼ በጠየቁኝ እያልኩ የምመኘውን ነው የጠየቅሽው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ባደርገው አትቀየሚኝ።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ ሥዕሉ ጎን ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ላይ አለ። ከሄንሪ ቴት የተበረከተ ይላል። ቴት የስኳር ነጋዴ ነበር። ስኳርን በኩብ በኩብ አድርጎ በመሸጥ ነው የከበረው። ሥዕሉን 3,000 ፓውንድ ከፍሎ ያሣለው እሱ ነው። የገባሽበት ሕንፃም በእሱ ገንዘብ፣ ቀድሞ እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ተሠርቶ በ1897 ተከፈተ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ቴት ምን እንደሚሣል አልወሰነም፤ ርእሱን ለሠዓሊው ተወለት። ፊልድስ የመጀመሪያ ልጁ በ1877 በገና ጠዋት ሞቶበታል። ልጁን ያስታመመውን ሐኪም አልረሳውም ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ አንድ የጎጆ ክፍል በሙሉ መጠኑ አሠርቶ፣ የንጋቱን ብርሃን እያየ ሣለው። አንቺ ያወቅሽው ሰዓት እሱም ያለፈበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ሥዕል የሚገዛው መኳንንቱ ነበር። መኳንንቱ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የራሱንና የዘሩን ምስል፣ አለዚያም ከኢጣሊያና ከሆላንድ የመጣ የጥንት ሊቅ ሥራ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ግን ፋብሪካና ባቡር አዲስ ባለገንዘብ ፈጠሩ። ከመኳንንት ያልተወለደ፣ በጉልበቱም የማያድር ሰው። ጨርቅ የሚያመርት፣ መድኃኒት የሚሸጥ፣ ጠበቃ፣ ሐኪም። መካከለኛው መደብ የምንለው ይህንን ነው።

ይህ ሰው ሥዕል ሊገዛ ሲነሣ አንድ ስጋት ነበረበት። የጥንት ሊቃውንት ሥራ ነው እየተባለ ከሚሸጠው ሸራ ብዙው የውሸት ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ጨርቁን በጣቱ ዳብሶ ይለያል። የሦስት መቶ ዓመት ሥዕልን ግን በምን ይለየዋል? በሕይወት ካለ ሠዓሊ ከገዛ ስጋት የለም። ቤቱ ሄዶ "ይህ ያንተ እጅ ነው?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። እኔ እንደሚገባኝ ለውጡ የጀመረው ከዚህች ቀላል ጥንቃቄ ነው። ገንዘቡ ከሞቱት ወደ ሕያዋኑ ዞረ።

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ነው። የነጋዴ ሳሎን የቤተ መንግሥት አዳራሽ አይደለም። ስድስት ሜትር የጦርነት ሸራ የሚሰቀልበት ግድግዳ የለውም። ሦስተኛው ትምህርቱ ነው። አብዛኛው ላቲን አልተማረም። የግሪክ አማልክት ማን ማንን እንደወለደ ግድ አይሰጠውም። ልብ ወለድ ግን ቤቱ ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሥዕሉንም እንደዚያው ሊያነበው ፈለገ።

ጆን ሺፕሻንክስን ውሰጂ። የሊድስ የጨርቅ ፋብሪካ ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1857 ለአገሩ 233 የዘይት ቀለም ሥዕሎች ሰጠ። ዛሬ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ናቸው። ብዙዎቹ ትንንሽ፣ ለቤት ግድግዳ የሚሆኑ ናቸው። ከመካከላቸው ኤድዊን ላንድሲር በ1837 የሣለው አንድ አለ፤ ልጅሽን ውሰጂና አሳዪው። ሽማግሌ እረኛ ሞቶ ሣጥኑ ባዶ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ሰው የለም። ውሻው ብቻ አገጩን ሣጥኑ ላይ አስደግፎ ተጠግቷል። መነጽሩ፣ ባርኔጣው፣ ከዘራው እዚያው አሉ። የሟቹን ኑሮ ከዕቃዎቹ ታነቢዋለሽ። ይህን ለማንበብ ላቲን አያስፈልግም።

ሺፕሻንክስ ሥዕሎቹን ሠራተኛው ሕዝብ በዕረፍቱ ቀን፣ በእሑድ፣ እንዲያያቸው ይፈልግ ነበር። የለንደን የመንግሥት ሙዚየሞች ግን በእሑድ መከፈት የጀመሩት በ1896 ነው። አንቺና ልጅሽ እሑድ የምትገቡበት በር እንዲህ ቆይቶ የተከፈተ ነው።

የናዝሬት ልጅ
ሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡40

ጋሼ፣ ስለ ውሻው ያሉት አስለቀሰኝ። ቀጥሉበት፤ እያነበብን ነው።

ሰብለ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ ባለብሩሽ፣ በአክብሮት ልከራከርዎ ነው። ገዢው ሥዕሉን ወደ ተራው ሰው አወረደው ይላሉ። እውነት ነው። ግን የገዢው ዐይን የማይችለው ነገር ሲመጣስ?

እዚያው ቴት ብሪትን ውስጥ ዊልያም ሆልማን ሃንት በ1853 የጨረሰው ሥዕል አለ። "የነቃው ኅሊና" እንበለው። አንድ ባለገንዘብ ለውሽማው ቤት ተከራይቶላታል። ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ይዘፍናል። እሷ ጭኑ ላይ ነበረች፤ ዘፈኑ የልጅነት ትዝታዋን ሲነካው ብድግ ልትል ነው። እጆቿን ቆልፋ ወደ መስኮቱ ታያለች። ጠረጴዛው ሥር ድመት ወፍ ይዛለች። ወለሉ ላይ የተጣለ የእጅ ጓንት አለ። ክሩ ተተብትቦ ወድቋል። ከጀርባዋ ያለው መስተዋት ደግሞ እኛ የማናየውን፣ እሷ የምታየውን የአትክልት ስፍራ ያሳያል።

ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። ሐያሲው ጆን ረስኪን በ1854 ታይምስ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ጽፎ አስረዳ። የዕቃውን አዲስነት ተመልከቱ አለ። እንጨቱ ያብረቀርቃል፤ ከወላጅ የተወረሰ ነገር የለም፤ ቤት የሆነ ቤት አይደለም። የሚገርመው ያንን ዕቃ እነዚያው ገዢዎች ሳሎናቸው ውስጥ አላቸው። እነሱም አዲስ ባለገንዘብ ናቸው።

ያዘዘው ቶማስ ፌርቤርን የማንቸስተር ባለፋብሪካ ነው። ሥዕሉን ወስዶ ቤቱ ሰቀለው። ከዚያ የሴትየዋን ፊት ማየት አልቻለም። ሃንት መጀመሪያ የሣለው ፊት ስቃዩ የበዛ ነበር። ፌርቤርን እንዲለወጥለት ጠየቀ፤ ሃንትም መልሶ ሣለው። ዛሬ የምናየው የለዘበውን ፊት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ነፍሷ ስትነቃ ማየት ፈለገ፤ ሲያማት ግን ማየት አልፈለገም። ያቺ የመጀመሪያዋ ፊት ከሸራው ጠፍታለች። ማንም ዳግመኛ አያያትም። ታዲያ መካከለኛው መደብ ለሥዕል ሰጠ ስንል የወሰደውንም እንቁጠር እንጂ።

ደግሞ እኮ ሴቲቱ ብቻ ናት የምትቀጣው። ኦገስተስ ኤግ በ1858 ሦስት ተከታታይ ሸራ ሣለ። በመጀመሪያው ባል የሚስቱን ምንዝር የሚያጋልጥ ደብዳቤ በእጁ ጨብጦ፣ ሚስት ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ ልጆቹ የካርታ ቤት ሲሠሩ ቤቱ ይፈርሳል። በመጨረሻው ሚስትየዋ ቴምዝ ወንዝ ዳር ቅስት ሥር ሕፃን ታቅፋ ጨረቃ ታያለች። የእሷ ውሽማ የት ደረሰ? አራተኛ ሸራ የለም።

ባለብሩሽ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ሰብልዬ፣ ልክ ነሽ። ስለ ፊቷ የተናገርሽው እኔንም የሚቆጨኝ ነገር ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ሐኪሙን የሣለው ያው ፊልድስ በ1874 ሌላ ሥዕል አሳይቷል። ቤት የሌላቸው ሰዎች በበረዶ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ግድግዳ ሥር ተሰልፈው ለአንዲት ሌሊት መጠለያ ወረቀት ይጠብቃሉ። ልጅ የታቀፈች እናት አለች። የሰከረ አለ። የከሰረ ጨዋ ሰውም አለ። ማንም አልለዘበም። በሮያል አካዳሚ፣ በለንደኑ ትልቅ የሥዕል ትርኢት፣ ሲታይ ሕዝቡ ስለተጋፋ የብረት አጥርና ፖሊስ ቆመለት። ሊያዩት የተጋፉት ሽልንግ እየከፈሉ የገቡት እነዚያው የመካከለኛው መደብ ቤተሰቦች ናቸው። በኋላም ቶማስ ሆሎዌይ የተባለ የክኒን ነጋዴ ገዛው።

ስለዚህ "መካከለኛው መደብ" ስንል አንድ ሰው አድርገን አናስበው። ፌርቤርንም አለበት፤ ሆሎዌይም አለበት። ሁለቱም ገንዘብ ከፍለዋል። አንደኛው ፊቷን መቻል አቃተው፤ ሌላው የተራቡትን ሁሉ ገዝቶ ሰቀለ።

ከማተሚያ ቤት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

እንደምን ዋላችሁ። ስለ ሥዕል ብዙ አላውቅም። ስለ ኅትመት ግን አውቃለሁ፤ አባቴም እኔም ማተሚያ ቤት ነው ያደግነው። አንድ ነገር ስለቀረ ልናገር።

ስለ ዋናው ሸራ ብቻ ነው የምታወሩት። ሸራውን የሚገዛው አንድ ሰው ነው። አብዛኛው የመካከለኛው መደብ ቤተሰብ ግን ኅትመቱን ነው ቤቱ የሰቀለው። የዚያን ዘመን ሠዓሊ ሀብታም ያደረገውም እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀራጩ ሥዕሉን እያየ በመርፌና በመሮ ብረት ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር ይቀርጸዋል። ቀለም የለም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ። የሐርን ልስላሴ፣ የእንጨትን ሸካራነት፣ የፊትን ጥላ በመስመር ውፍረትና ጥግግት ብቻ ማምጣት አለበት። አንድ ትልቅ ሰሌዳ ዓመታት ይወስዳል። ቀድሞ ሰሌዳው መዳብ ነበር። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ጥቂት መቶ ካተሙበት በኋላ መስመሩ ይጠፋል። አረብ ብረት ሲመጣ ግን ከአንድ ሰሌዳ ሺዎች ይታተማሉ። ዋጋው የወረደው በዚህ ነው።

ሽያጩም በደረጃ ነው። መጀመሪያ የሚወጡት፣ ሰሌዳው ገና ስል እያለ የታተሙት፣ ሠዓሊው ይፈርምባቸዋል፤ ውድ ናቸው። ቀጥሎ ጽሑፍ ሳይገባባቸው የታተሙት። መጨረሻ ርእሱ ከሥሩ ተጽፎ የሚወጣው ተራው ኅትመት፣ ለአስተማሪና ለባንክ ጸሐፊ የሚሆነው። አንድ ሥዕል፣ ለሦስት ዓይነት ኪስ።

ከ1837 ጀምሮ ደግሞ የለንደን የሥዕል ዕድር ልበለው፣ አንድ ማኅበር ነበረ። አባሉ በዓመት አንድ ጊኒ፣ ከፓውንድ ትንሽ የሚበልጥ ገንዘብ፣ ያወጣል። በምላሹ አንድ ኅትመት ይደርሰዋል፤ ስሙም ዕጣ ውስጥ ይገባል። ዕጣ የወጣለት ዋና ሥዕል ይገዛበታል። ዕጣው ከሕግ ጋር ስላጋጨው ፓርላማው በ1846 ለብቻው ሕግ አወጣለት። ሰው ተሰብስቦ ብር እያዋጣ ሥዕል ለመግዛት ሲል ሕግ ማስወጣቱ በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

ዊልያም ፓዌል ፍሪዝን ጋሼ ባለብሩሽ እስካሁን አላነሡትም። የዚህ ነገር ንጉሡ እሱ ነው። "የደርቢ ቀን" የሚባለውን የፈረስ እሽቅድምድም ሥዕሉን ጄኮብ ቤል የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በ1,500 ፓውንድ አዘዘው። ነጋዴው ኤርነስት ጋምባርት ደግሞ የማተሙንና የማሳየቱን መብት ብቻ በሌላ 1,500 ገዛ። አያችሁ? ሸራውና መብቱ እኩል ዋጋ አወጡ። እኔ በሙያዬ ይህን ስሰማ የማተሚያ ማሽኑ ሸራውን ሲስተካከለው ነው የሚታየኝ።

ባለብሩሽ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡25

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የሙያ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው።

"የደርቢ ቀን" በ1858 ሮያል አካዳሚ ሲሰቀል ሕዝቡ አፍንጫውን ሸራው ላይ ሊያሳርፍ ስለደረሰ የብረት አጥር ቆመለት፤ ፖሊስም ተመደበ። ለምን ያን ያህል ተጠጉ? ሥዕሉ ከሩቅ አይታይማ። ፈረሶቹ ከኋላ ትንሽ ናቸው፤ ፍሪዝ የፈለገው ሰዉን ነው። በግራ በኩል በማጭበርበሪያ ጨዋታ የተበላ ወጣት እጁን ባዶ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። መሐል ላይ የትንሹን አክሮባት ልጅ ፈልጉት። ነጭ ልብስ ለብሷል። አባቱ ክንዱን ዘርግቶ ና ይለዋል። ልጁ ግን አይሰማውም። አንገቱን አዙሮ አሽከር ሣሩ ላይ የሚዘረጋውን የጌቶች ምሳ ያያል። ርቦታል። አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ሀብትና ረሃብ ተገናኝተዋል። ያን የሚያየው ግን ተጠግቶ ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ከዲሲ
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡15

እኔ ያለሁት ዋሽንግተን ነው፤ ሰዓታችን ይለያያል። ክርክራችሁን ሳነብ አንድ የማውቀው ክፍል ትዝ አለኝ።

እዚህ ፍሪር በሚባለው ሙዚየም ውስጥ የጣዎስ ክፍል የሚባል አለ። መግቢያው ነጻ ነው። ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ነው የምወስደው። ክፍሉ ለንደን ውስጥ የአንድ ቤት የምግብ አዳራሽ ነበር። ቤቱ የፍሬድሪክ ሌይላንድ ነው፤ የሊቨርፑል የመርከብ ባለቤት። ሠዓሊው ጄምስ ዊስለር በ1876 ጥቂት ቀለም እንዲነካካ ተፈቀደለት። ባለቤቱ በሌለበት ክፍሉን ከወለል እስከ ጣሪያ ሰማያዊ አረንጓዴና ወርቅ አደረገው። ከዚያም 2,000 ጊኒ ጠየቀ።

ሌይላንድ ግማሹን ከፈለ። በዚያ ላይ በጊኒ ሳይሆን በፓውንድ ከፈለው። ልዩነቱ ሳንቲም ነው፤ ጊኒ 21 ሽልንግ፣ ፓውንድ 20 ሽልንግ። ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። ሠዓሊና ሐኪም በጊኒ ነው የሚከፈላቸው፤ ፓውንድ የነጋዴና የእጅ ሠራተኛ ሒሳብ ነው። ዊስለር እንደ ስድብ ቆጠረው።

ምን አደረገ መሰላችሁ? ግድግዳው ላይ ሁለት ጣዎሶች ሲጣሉ ሣለ። አንደኛው ተነፍቷል፤ እግሩ ሥር ሽልንጎች ተበትነዋል፤ ላባውም የብር ሳንቲም ይመስላል። ሌላው ኩሩ ድሃ ነው። ራሱ ላይ ያለችው ላባ ብርማ ናት። የዊስለር ፀጉር ላይ አንድ ነጭ ጉንጉን ነበረች፤ ያቺ ናት። ስሙንም "ኪነ ጥበብና ገንዘብ" አለው። ሌይላንድ ግድግዳውን አላስፋቀውም። ያንን እያየ በዚያው ክፍል ምሳና እራቱን በላ።

ለዚህ ነው ሰብለ ትክክል ናት ግን ሙሉው አይደለም የምለው። ፊት ያስለወጠው ገዢ ነው፤ የራሱን ስድብ ግድግዳው ላይ ያቆየውም ገዢ ነው።

ሰብለ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ከዲሲ የጻፍከው ወንድሜ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አሳመንከኝ ማለት ይቻላል። ያቺን ፊት ግን አልተውኩም።

ሌላም ልጨምር። ስለ ገዢና ስለ ሠዓሊ ስንነጋገር ሁሉንም ወንድ አደረግናቸው። ኤሚሊ ሜሪ ኦስቦርን በ1857 ያሳየችውን ሥዕል እዩ፤ እሱም ቴት ነው። ስም የሌላት፣ ወዳጅም የሌላት ወጣት በዝናብ ሥዕሏን ይዛ የሥዕል ነጋዴ ሱቅ ገብታለች። ዐይኗን አቀርቅራ ጣቷ ላይ ክር ታጠነጥናለች። ጃንጥላዋ ወለሉ ላይ ያንጠባጥባል። አጠገቧ ትንሽ ልጅ ቆሟል። ነጋዴው ሥዕሏን በጥርጣሬ ያያል። ከኋላ ሁለት ወንዶች ሥዕሏን ትተው እሷን ያያሉ። መካከለኛው መደብ ቤት የተወለደች፣ አባቷ ሲሞት የምትገባበት የጠፋት ልጅ ናት። የሮያል አካዳሚ ትምህርት ቤት ሴት የተቀበለው በ1860 ነው። እሱም ሎራ ኸርፈርድ በስሟ ፊደል ብቻ ሥራዋን ልካ፣ ወንድ መስላቸው ስለተቀበሏት ነው።

የመቅደላ ነገር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። እኛንም የሚነካ ነገር ስላለበት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሩን የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች። ካሜራ የያዘችው አርባ ስምንት ዓመት ሆኗት ነው። ፎቶዎቿን ትሸጥ ነበር። እንደ ኅትመቱ ሁሉ ሰው ገዝቶ አልበሙ ውስጥ ያኖራቸዋል። ሐምሌ 1868 ላይ ዋይት በሚባለው ደሴት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ፊቷ ተቀመጠ። ልዑል ዓለማየሁ ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ ሦስት ወር ቢሆነው ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተዋል። በአንዳንዱ ፎቶ ይዞት ከመጣው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ነው፤ አማርኛ ያውቅ ስለነበር የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት። በሌላው ብቻውን ነው። ዐይኑ ወደ ካሜራው አይመጣም።

ያ ፎቶ ከዚህ ሁሉ ወሬያችሁ ውጭ አይደለም። የታመመ ልጅ፣ ወላጅ የሞተበት ልጅ፣ ብቻውን የቀረ ውሻ። ያ ሕዝብ የሚወደው የሐዘን ዓይነት ይህ ነበር። የእኛው ልጅ እውነተኛ ሐዘን በዚያው ዐይን ታየ። ሰዉ ከልቡ አዝኖለት ሊሆን ይችላል። ወደ አገሩ ግን አልመለሰውም። በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ።

ያ ሙዚየም፣ የሺፕሻንክስ ውሻ ያለበት፣ ለካሜሩን በዚያው በ1868 ክፍል ሰጥቷት እዚያ ፎቶ ታነሣ ነበር። የመቅደላ የወርቅ ዘውድም እዚያው ነው ያለው። የለንደኗ እህቴ፣ ልጅሽን ይዘሽ ስትሄጂ ውሻውንም ዘውዱንም አሳዪው። በአንድ ቀን።

ባለብሩሽ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

ወንድሜ፣ ይህንን በማንሣትህ እግዜር ይስጥልኝ። ዓለማየሁን አስቤው አላውቅም ነበር በዚህ በኩል።

የለንደኗ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሳምንቱን ሙሉ በሥራ መሐል፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ እናንተን ሳነብ ነው የከረምኩት። ሙዚየሙን ለሚቀጥለው ሳምንት አድርጌዋለሁ፤ ውሻውንም ዘውዱንም እናያለን። ዛሬ ግን ጋሼ ያነሡት የክኒን ነጋዴ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ከዋተርሉ ባቡር ይዘን ኤገም ሄድን።

ቶማስ ሆሎዌይ በክኒንና በቅባት፣ ይበልጡን በማስታወቂያ የከበረ ሰው ነው። በሚስቱ በጄን መታሰቢያ እዚሁ ኤገም የሴቶች ኮሌጅ አሠራ፤ በ1886 ንግሥቲቱ ራሷ መረቀችው። በሁለት ዓመት ውስጥ 77 ሥዕሎች ገዝቶ ለተማሪዎቹ ሰጠ። ለአንዱ ብቻ 6,300 ጊኒ ከፍሏል። እኔ ያን ሁሉ ሴቶች እንዲማሩ ብሎ ማድረጉን ሳስብ ክኒኑ ሠራ አልሠራ አላስጨነቀኝም።

የቤት የሌላቸውን ሰልፍ አየሁት። ሰብለዬ፣ እዚያ ላይ ያለችው እናት ፊት አልለዘበም። ለአንቺ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ልጄን የያዘው ግን የፍሪዝ የባቡር ጣቢያ ነው። በ1862 የተሣለ፣ ፓዲንግተን። ከሁለት ሜትር ተኩል ይረዝማል። ሉዊ ፍላቶው የተባለ ነጋዴ ሥዕሉን ከመብቱ ጋር በ4,500 ፓውንድ ገዝቶ፣ ሮያል አካዳሚ እንዳይታይ 750 ጨምሮ ከፈለና ብቻውን አሳየው። በሰባት ሳምንት ከ21 ሺሕ በላይ ሰው ከፍሎ ገባ።

እኔና ልጄ ከግራ ጀምረን አነበብነው። ቦርሳ የሚሸከሙ። ልጇን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትልክ ጎንበስ ብላ የምትስም እናት፤ የፍሪዝ የራሱ ቤተሰብ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ከባለጋሪው ጋር በሒሳብ ሲከራከር። ቋንቋው እንዳልሞላለት ከእጁ ያስታውቃል። የመጀመሪያ ዓመቴ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሙሽሮች። በቀኝ ጫፍ ደግሞ አንድ ሰው ባቡሩ ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን አንሥቷል። ሁለት መርማሪዎች ደርሰውበታል፤ አንደኛው ትከሻውን ነካ አደረገው፣ ሌላው እጅ ብረት ይዟል። ሚስቱ ከውስጥ ታያለች። ልጄ "ትንሽ ቢፈጥን ያመልጥ ነበር" አለኝ።

ልንወጣ ስንል ጠባቂው ጠርቶ አንድ ነገር አሳየን። ከኋላ፣ ባቡሩ አጠገብ፣ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ ከሹፌሩ ጋር ያወራል። በመላው ጣቢያ የሚሄድበት ያለው የማይመስል ሰው እሱ ብቻ ነው። ፍላቶው ነው። የከፈለው ሰውዬ። ፍሪዝ ሥዕሉ ውስጥ አስገብቶታል።